በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከባለቤቱ በፊት ስለሚገባው የመስተዋድድ ሐረግ

የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በመሠረቱ በባለቤቱ ይጀምራል፤ ከባለቤቱ ቀጥሎ ግሡ ይመጣል፤ ከግሡም ቀጥሎ ተሳቢው ይገባል። ይህን ሕግ ያልሰማ ተማሪ የለም። እኛም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር እነዚህ ሦስት ቃላት በሰሌዳው ራስጌ ተጽፈው ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፉ ይቆዩ ነበር። ሕጉ እውነት ነው። ነገር ግን ማንም ሰው አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ቢገልጥ በባለቤቱ የማይጀምሩ ዐረፍተ ነገሮችን በየገጹ ያገኛል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚጀምሩት ኢን፣ አት፣ ኦን፣ አፍተር፣ ዊዝ፣ አንደር በመሳሰሉት መስተዋድዶች ነው። ታዲያ በሰሌዳው ላይ ስለ ተጻፈው ሕግ ምን እንበል? እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ሕጉን ያፈርሱታልን? ወይስ ሌላ ሕግ አላቸው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ነገሩ የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውሳለን። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ነጋሪት ጋዜጣም ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያወጣል። የፈተና ትእዛዝ፣ የመድኀኒት አወሳሰድ ማስጠንቀቂያ፣ የውል ቃል ብዙ ጊዜ በመስተዋድድ ሐረግ ይጀምራል። ወደ ፊት እንደምናሳየው፣ የዚያን ሐረግ አገባብ የሳተ አንባቢ ጥቂት ነገር ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የተባለውን ተቃራኒ ይረዳል።

አሳባችንን በአጭሩ ለመናገር፣ ከባለቤቱ በፊት የሚገባው ሐረግ ባለቤቱን ፈጽሞ አይተካም። ሐረጉ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራ አለው፤ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራም የሚታወቀው ከራሱ ይልቅ ከእርሱ ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ነው። ስለዚህ አንባቢው ዓይኑን መጣል ያለበት ከሐረጉ በኋላ ባለው ቦታ ላይ ነው።

፩. ስለምንጠቀምባቸው ቃላት

መስተዋድድ የምንለው አንድን ስም ከሌላው የዐረፍተ ነገር ክፍል ጋር የሚያዋድደውን ቃል ነው። በአማርኛ በ፣ ከ፣ ለ፣ ወደ፣ ስለ የመሳሰሉት ናቸው። መስተዋድዱ ከስሙ ጋር ሲጣመር የመስተዋድድ ሐረግ ይባላል። የእንግሊዝኛው መስተዋድድ ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ከስሙ በፊት ይቆማል። አማርኛው ግን ከስሙ ጋር ይጣበቃል፤ ብዙ ጊዜም ላይ፣ ውስጥ፣ ሥር፣ አጠገብ የሚሉትን ቃላት ከስሙ በስተኋላ ያክላል። እንግሊዝኛ «ኦን ዘ ቴብል» የሚለውን አማርኛ «በጠረጴዛው ላይ» ብሎ ስሙን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል። የእንግሊዝኛውን ምሳሌዎች በፊደላችን ጽፈን ትርጕማቸውን ከአጠገባቸው አኑረናል።

፪. ሁለቱ ቋንቋዎች ሐረጉን የት ያኖሩታል?

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያኖር ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጊዜንም ሆነ ቦታን፣ ምክንያትንም ሆነ መሣሪያን የሚያመለክት ሐረግ ሁሉ ከማሰሪያው አንቀጽ በፊት ይገባል። «መምህሩ በማለዳ ደብዳቤዎቹን ያነባል» ወይም «በማለዳ መምህሩ ደብዳቤዎቹን ያነባል» ልንል እንችላለን። ሐረጉ ከባለቤቱ ቢቀድምም ቢከተልም ከአንቀጹ መቅደሙ ግን አይቀርም። በጨዋታ መካከል «ደብዳቤዎቹን ያነባል፣ በማለዳ» የሚል ሰው አይታጣም፤ ይህ ግን የተረሳን ነገር ለማከል ያህል ነው እንጂ የጽሑፍ ሥርዐት አይደለም።

እንግሊዝኛ ከዚህ የተለየ ነው። የሐረጉ መደበኛ ስፍራ ከግሡና ከተሳቢው በኋላ ነው፤ «ዘ ቲቸር ሪድስ ዘ ሌተርስ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይባላል። በባለቤቱና በግሡ መካከል አስገብቶ «ዘ ቲቸር ኢን ዘ ሞርኒንግ ሪድስ ዘ ሌተርስ» ማለት ለጆሮ ይከብዳል። ሁለተኛው ስፍራ ከባለቤቱ በፊት ያለው ነው፤ «ኢን ዘ ሞርኒንግ ዘ ቲቸር ሪድስ ዘ ሌተርስ» ይሆናል።

ከዚህ ላይ ትልቁ ልዩነት ይታያል። ለአማርኛ ተናጋሪ ሐረጉን ማስቀደም የዘወትር ልማድ ነው፤ ምክንያት አያስፈልገውም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ሌላ የተዘጋጀ ስፍራ እያለ ሐረጉን ወደ ፊት ማምጣት ምርጫ ነው፤ ምርጫም በመሆኑ ትርጕም አለው። የአማርኛውን ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ ሳያስበው ምርጫ ያደርጋል፤ አንባቢውም ያላሰበውን ትርጕም ይፈልግበታል።

፫. ሐረጉ ለምን ወደ ፊት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት ለነገሩ ክልል ለመስጠት ነው። ተናጋሪው ከሁሉ በፊት «የምናገረው ስለዚህ ጊዜ፣ ስለዚህ ቦታ ነው» ብሎ አጥር ያጥራል፤ ከዚያም በአጥሩ ውስጥ የሆነውን ይናገራል። አንድ ሰው «መምህሩ ደብዳቤዎቹን የሚያነበው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ጊዜው ስለሆነ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የሚለው በመጨረሻ ይገባል። «መምህሩ በማለዳ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ጊዜው የታወቀ ነገር ስለሆነ ይቀድማል፤ መጨረሻው ለአዲሱ ነገር ይለቀቃል። እንግሊዝኛ አዲሱንና ከባዱን ወሬ ወደ መጨረሻ ማድረግ ይወዳልና።

አጥሩ የነገሩን እውነትነት እስከ መወሰን ይደርሳል። «ኢን ዘ ቪሌጅ ሂ ዋዝ ኤ ሪች ማን» ስንል፣ «በመንደሩ እርሱ ሀብታም ነበረ» ማለታችን ነው። በከተማ ሚዛን ሀብታም ነበረ አላልንም። ሐረጉን የዘለለ አንባቢ ሰውየውን ያለ ልክ ሀብታም ያደርገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አንዱን ዐረፍተ ነገር ከሌላው ጋር ለማያያዝ ነው። የታሪክ ጸሓፊ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሲጽፍ «ኢን 1889 ምኒልክ ቢኬም ኤምፐረር፤ ኢን 1896 ሂ ዲፊትድ ዚ ኢታልያንስ አት አድዋ፤ ኢን 1913 ሂ ዳይድ» ይላል። ትርጕሙም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1896 ኢጣልያኖችን በአድዋ ድል አደረጉ፤ በ1913 ዐረፉ ማለት ነው። ሦስቱም ዓመታት በግንባር የቆሙት ጸሓፊው በዘመን መንገድ ላይ ስለሚሄድ ነው። እያንዳንዱ ዓመት የመንገዱ ምልክት ነው። «አት አድዋ» የሚለው ግን ከግሡ በኋላ ቀርቷል፤ ጸሓፊው ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ የሚተርክ ቢሆን ኖሮ ቦታዎቹ ወደ ፊት ይመጡ፣ ዓመታቱም ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት የተናጋሪውን አስተያየት ለመግለጽ ነው። «ኢን ማይ ኦፒኒየን» በእኔ አስተያየት፣ «ፎር ኤግዛምፕል» ለምሳሌ፣ «ኦን ዘ ኮንትራሪ» በተቃራኒው የሚሉት ዐረፍተ ነገሩን ከውጭ ሆነው የሚመለከቱ ናቸው። እነ ራንዶልፍ ክዋርክ በ1985 ባሳተሙት ትልቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ተጨማሪዎች ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ባላቸው ቅርበት ለይተዋቸዋል። አንዳንዱ በነገሩ ውስጥ የገባ ነው፤ አንዳንዱ ስለ ነገሩ ይናገራል፤ አንዳንዱም ካለፈው ንግግር ጋር ብቻ ያያይዛል።

አራተኛው ለተማሪ እጅግ የሚጠቅመው ነው፤ ይኸውም ከብዙ ነገር ጥቂቱን ለመምረጥ ነው። «ኦፍ ዘ ፋይቭ ክዌስችንስ ቢሎው አንሰር ኦንሊ ስሪ» የሚል የፈተና ትእዛዝ «ከዚህ በታች ካሉት አምስት ጥያቄዎች ሦስቱን ብቻ መልስ» ማለት ነው። ባለቤቱ «አንተ» ተሰውሯል፤ ሐረጉ ግን ከሁሉ ቀድሞ ድምሩን ይነግረናል። «ፋይቭ» የሚለውን አይቶ አምስቱን ለመመለስ የሚጣደፍ ተማሪ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሡ ያለ እርሱ የማይሞላ ሐረግ እንደ ልብ ወደ ፊት አይመጣም። «ሂ ፑት ዘ ቡክ ኦን ዘ ቴብል» መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ አኖረው ስንል፣ «ፑት» የሚለው ግሥ ቦታ ይፈልጋል። «ኦን ዘ ቴብል ሂ ፑት ዘ ቡክ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ ነገር ግን አንባቢው «በሌላውስ ላይ ምን አኖረ?» ብሎ ይጠብቃል። የጊዜ ሐረግ ግን ከግሡ ነጻ ስለሆነ ያለ ችግር ይቀድማል።

በእነዚህ በአራቱም ረገድ ከሐረጉ ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤቱ ነው። የሰሌዳው ሕግ አልፈረሰም፤ ከፊቱ አጥር ብቻ ተጨመረለት።

፬. ግሡ ከባለቤቱ ሲቀድም

አሁን ወደ ሁለተኛው ዐይነት እናልፋለን። «ኦን ዘ ሂል ስታንድስ ኤ ቸርች» በሚለው ዐረፍተ ነገር ከሐረጉ ቀጥሎ የመጣው ግሡ ነው፤ ባለቤቱ በመጨረሻ ቀርቷል። ትርጕሙ «በኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል» ማለት ነው። «ኢንቱ ዘ ሩም ኬም ኤ ስትሬንጀር» ወደ ክፍሉ አንድ እንግዳ ሰው ገባ የሚለውም እንደዚሁ ነው። የዚህ አገባብ ሥራ አዲስ ነገርን በአንባቢው ፊት ማቅረብ ነው። በመጀመሪያ ቦታው ይታያል፤ ቀጥሎም በቦታው የቆመው ወይም ወደ ቦታው የመጣው ነገር ይገለጣል።

ይህ አገባብ አራት ሕግ አለው። አንደኛ፣ ግሡ ቀላል መሆን አለበት፤ መቆምን፣ መተኛትን፣ መሰቀልን፣ መምጣትን፣ መታየትን የሚናገር እንጂ በተሳቢ ላይ የሚሠራ ግሥ አይሆንም። ስለዚህ «ኦን ዘ ሂል ቢልት ዘ ፒፕል ኤ ቸርች» ተብሎ አይጻፍም፤ «ኦን ዘ ሂል ዘ ፒፕል ቢልት ኤ ቸርች» ሕዝቡ በኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠራ ይባላል እንጂ። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ተውላጠ ስም ከሆነ አይገለበጥም። «ኢንቱ ዘ ሩም ኬም ሂ» አይባልም፤ «ኢንቱ ዘ ሩም ሂ ኬም» ይባላል። «እርሱ» ያልነው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ እንደ አዲስ አይቀርብምና። ሦስተኛ፣ «ዱ» የሚባለው ረዳት ግሥ ከዚህ አይገባም። አራተኛ፣ ግሡ በቁጥር የሚስማማው በስተኋላው ካለው ባለቤት ጋር ነው፤ በስተፊቱ ካለው ስም ጋር አይደለም። «ኢን ዘ ቦክስ አር ቱ ቡክስ» በሣጥኑ ውስጥ ሁለት መጻሕፍት አሉ ይባላል፤ ሣጥኑ አንድ ቢሆንም ግሡ ብዙ ነው። «ኦን ዘ ቴብልስ ዋዝ ኤ ሌተር» በጠረጴዛዎቹ ላይ አንድ ደብዳቤ ነበረ ይባላል፤ ጠረጴዛዎቹ ብዙ ቢሆኑም ግሡ አንድ ነው። ሐረጉ ባለቤቱን እንደማይተካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ነገሩ ለእንግሊዝኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በማላዊ የሚነገረው ቺቼዋ ሐረጉን አስቀድሞ ባለቤቱን በስተኋላ ያኖራል። ነገር ግን ጆን ብሬዝነንና ጆኒ ካነርቫ በ1989 እንዳስረዱት፣ በቺቼዋ ግሡ የሚስማማው በፊት ከቆመው የቦታ ቃል ጋር ነው። በዚያ ቋንቋ የቦታው ቃል በእውነት የባለቤቱን ወንበር ይዟል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሡ በስተኋላ ለቀረው ለእውነተኛው ባለቤት ይታዘዛል። ብሬዝነን በ1994 ሁለቱን ቋንቋዎች አስተያይታ ሰፋ ያለ ጥናት ጽፋለች።

፭. አሉታን የያዘ ሐረግ

ሦስተኛው ዐይነት ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ሐረጉ በውስጡ «ኖ» የሚል ቃል ይዞ መላውን ዐረፍተ ነገር ሲያፈርስ ከሐረጉ ቀጥሎ የሚመጣው ረዳት ግሥ ነው፤ ከረዳት ግሡ በኋላ ባለቤቱ፣ ከዚያም ዋናው ግሥ ይከተላሉ። «አት ኖ ታይም ዲድ ሂ ሊቭ ዘ ሃውስ» በምንም ጊዜ ቤቱን ለቆ አልወጣም ማለት ነው። አሁን ይህን ከሚከተለው ጋር እናስተያይ፤ «ኢን ኖ ታይም ሂ ሌፍት ዘ ሃውስ»። ይህ ደግሞ ጊዜ ሳይወስድ፣ ወዲያው ከቤቱ ወጣ ማለት ነው። በሁለቱም «ኖ ታይም» የሚል ቃል አለ፤ አንዱ ሰው ግን አልወጣም፣ ሌላው ወጥቷል። ልዩነቱን የሚያሳየን ከሐረጉ ቀጥሎ ያለው ቦታ ነው። በመጀመሪያው «ዲድ» የሚለው ረዳት ግሥ አለ፤ በሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ አለ።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው ቃላቱ ሁሉ አንድ ሆነው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ሲለወጥ ነው። «ዊዝ ኖ ቲቸር ዘ ፒዩፒልስ ዉድ ቢ ሃፒ» ብንል፣ መምህር ባይኖር ተማሪዎቹ ደስ ይላቸው ነበር ማለት ነው። «ዊዝ ኖ ቲቸር ዉድ ዘ ፒዩፒልስ ቢ ሃፒ» ብንል ግን ማንም መምህር ቢመጣ ተማሪዎቹ ደስ አይላቸውም ማለት ነው። ፊተኞቹ ተማሪዎች ዕረፍት የሚወዱ ናቸው፤ ኋለኞቹ ግን መምህር የማይመርጥላቸው ናቸው። የተለዋወጠው የ«ዉድ» እና የ«ዘ ፒዩፒልስ» ቦታ ብቻ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ላይ የሚሳሳትበት ምክንያት ግልጽ ነው። አማርኛ አሉታን የሚያስረው በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው፤ «አልወጣም»፣ «አይቆለፍም» እንላለን። «በምንም ጊዜ» የሚለው ሐረግ ብቻውን አያፈርስም፤ አጋዥ ነው። ስለዚህ አንባቢው አሉታውን በመጨረሻ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ግን አሉታውን በሐረጉ ውስጥ ጨርሶ ግሡን ያለ አሉታ ይተወዋል። በአንድ የመውጫ በር ላይ «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሻል ዚስ ዶር ቢ ሎክድ» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ይህ በር በማናቸውም ምክንያት ከቶ አይቆለፍም» ማለት ነው። ሐረጉን በችኮላ አልፎ የመጨረሻውን ቃል ብቻ የያዘ ዘበኛ ግን «በሩ ይቆለፍ» የሚል ትእዛዝ ያነባል። እሳት በተነሣ ቀን የሁለቱ አነባበብ ልዩነት የሰው ሕይወት ነው።

በመጻፍም ረገድ ሌላ አደጋ አለ። የአማርኛውን ልማድ ተከትሎ በሐረጉም በግሡም ላይ አሉታ የሚጨምር ተማሪ «አት ኖ ታይም ዲድ ሂ ኖት ፔይ» ይላል። «በምንም ጊዜ አልከፈለም» ለማለት አስቦ ነው። በመደበኛው የጽሑፍ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱ አሉታዎች ተፋርሰው «ያልከፈለበት ጊዜ የለም» የሚል ይሆናል። ባለዕዳውን ሳያስበው ከዕዳው ነጻ አወጣው ማለት ነው።

«ኦንሊ» ብቻ የሚለውም ቃል በሐረጉ ራስ ሲገባ እንደ አሉታ ይሠራል፤ «ኦንሊ ኢን ዘ ሞርኒንግ ደዝ ሂ ዎርክ» የሚሠራው በማለዳ ብቻ ነው ይባላል። ጥያቄም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ «አት ዋት ታይም ደዝ ዘ ላይብረሪ ኦፕን?» ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው? ጥያቄው በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ረዳት ግሡ ቀርቶ ባለቤቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ «አይ ዱ ኖት ኖው አት ዋት ታይም ዘ ላይብረሪ ኦፕንስ» በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አላውቅም።

፮. የዚህ ልማድ ታሪክ

እንግሊዝኛ እነዚህን የተገለበጡ አገባቦች ያገኘው ከጥንት ነው። የዛሬው የጀርመን ቋንቋ በፊት የመጣው ቃል ምንም ቢሆን ግሡን ሁልጊዜ በሁለተኛ ስፍራ ያኖራል። «ኢም ጋርተን ሽፒልት ዳስ ኪንት» በአትክልቱ ስፍራ ሕፃኑ ይጫወታል ሲል «ሽፒልት» የሚለው ግሥ ከሐረጉ ቀጥሎ ነው፤ ባለቤቱ ይከተላል። እስከ አሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ድረስ የተጻፈው ጥንታዊ እንግሊዝኛም ወደዚህ ያዘነብል ነበር፤ ባለቤቱ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ከግሡ ይቀድም ነበር። በዚያ ዘመን ባለቤትና ተሳቢ በስሞቹ መጨረሻ ድምፅ ይለዩ ስለ ነበር ቅደም ተከተሉ ቢለዋወጥ ትርጕሙ አይጠፋም ነበር። ኋላ ግን እነዚያ መጨረሻዎች እየወደቁ ሄዱ። ባለቤቱን ከተሳቢው የሚለየው ስፍራው ብቻ ሲሆን ባለቤቱ ከግሡ በፊት ጸንቶ ቆመ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የድሮው ልማድ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። በአሉታና በጥያቄ፣ እንዲሁም ቦታን በማስቀደም የቀሩት የተገለበጡ አገባቦች የዚያ ልማድ ቅሬታዎች ናቸው።

፯. ተማሪው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

ከዚህ በላይ የተባለውን ይዘን በድርሰት ደብተሮች ላይ አዘውትረው የሚታዩትን ችግሮች እንመልከት።

የመጀመሪያው የባለቤት መጥፋት ነው። «በዚህ መጽሐፍ ስለ ሕግ ይነግረናል» የሚለው አማርኛ አያስቸግርም፤ «ይነግረናል» በሚለው አንቀጽ ውስጥ «ይ» የምትለው ፊደል ባለቤቱን ይዛለችና። ይህንኑ ቃል በቃል መልሶ «ኢን ዚስ ቡክ ቴልስ አስ አባውት ዘ ሎው» የሚል ተማሪ ግን ዐረፍተ ነገሩን ያለ ባለቤት ይተወዋል። ወይም መስተዋድዱን ጥሎ «ዚስ ቡክ ቴልስ አስ» ይበል፤ ወይም ባለቤት ጨምሮ «ኢን ዚስ ቡክ ዚ ኦተር ቴልስ አስ» ይበል። «በአዲስ አበባ ይበርዳል» የሚለውም «ኢን አዲስ አበባ ኢዝ ኮልድ» አይሆንም፤ «ኢን አዲስ አበባ ኢት ኢዝ ኮልድ» ነው። እዚህ «ኢት» የሚያመለክተው ነገር የለም፤ የባለቤቱ ወንበር ባዶ እንዳይቀር የተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው በሐረጉ ውስጥ ያለው ሥራ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። «ምሳ ከበላን በኋላ ደወሉ ተደወለ» ስንል «ከበላን» የሚለው ቃል በዪዎቹ እኛ እንደሆንን ይነግራል። «አፍተር ኢቲንግ ላንች ዘ ቤል ራንግ» ስንል ግን «ኢቲንግ» ባለቤት የለውም። እንግሊዛዊው አንባቢ ባለቤቱን የሚፈልገው ከሐረጉ ቀጥሎ ነው፤ የሚያገኘውም ደወሉን ነው። ደወሉ ምሳውን በላ! ስለዚህ «አፍተር ኢቲንግ ላንች ዊ ኸርድ ዘ ቤል» ምሳ ከበላን በኋላ ደወሉን ሰማን ማለት ይገባል።

ሦስተኛው ሐረጎችን መከመር ነው። «በ1896 በአድዋ በምኒልክ መሪነት የኢትዮጵያ ጦር ኢጣልያኖችን ድል አደረገ» የሚለው አማርኛ መልካም ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሦስቱም በግንባር ቢሰለፉ አንባቢው ባለቤቱን ሲጠብቅ ይደክማል። የሚሻለው ማከፋፈል ነው፤ «ኢን 1896 ዚ ኢትዮፕያን አርሚ አንደር ምኒልክ ዲፊትድ ዚ ኢታልያንስ አት አድዋ» ይባላል። አንዱ በፊት፣ አንዱ ከባለቤቱ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱ በመጨረሻ ይቆማል። በፊት የሚቀረው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው በቀደመው ዐረፍተ ነገር የተባለው ነገር ነው።

አራተኛው የነጠላ ሰረዝ አገባብ ነው። አጭር ሐረግ ያለ ሰረዝ ሊያልፍ ይችላል፤ ረዥም ከሆነ ወይም አንባቢውን የሚያሳስት ከሆነ ግን ሰረዝ ያስፈልገዋል። «ኢንሳይድ ዘ ሃውስ ዋዝ ኮልድ» የሚለውን ያነበበ ሰው በመጀመሪያ «በቤቱ ውስጥ» ብሎ ይጀምርና ባለቤቱን ያጣል። «ኢንሳይድ፣ ዘ ሃውስ ዋዝ ኮልድ» ተብሎ ሲጻፍ ግን «በውስጡ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበረ» ማለት መሆኑ ይገለጣል። ግሡ ከባለቤቱ በሚቀድምበትና ረዳት ግሥ በሚከተልበት አገባብ ግን ከሐረጉ በኋላ ሰረዝ አይደረግም፤ ሐረጉና ግሡ የተያያዙ ናቸውና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ምክር ይጠቃለላል። በመስተዋድድ ሐረግ የሚጀምር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ባጋጠመን ጊዜ ሐረጉን ከጨረስን በኋላ ቆም ብለን የሚቀጥለውን ቃል እንመልከት። ባለቤቱ ከሆነ ሐረጉ አጥር ነው፤ የሚነገረው ነገር በዚያ አጥር ውስጥ ብቻ እውነት ነው። ዋናው ግሥ ከሆነ አዲስ ነገር ሊቀርብልን ነው፤ ባለቤቱን በስተኋላ እንፈልግ፤ ግሡንም ከእርሱ ጋር እናስማማ። ረዳት ግሥ ከሆነ ግን ጥያቄ ወይም አሉታ አለ፤ ወደ ሐረጉ ተመልሰን «ኖ» ወይም «ኦንሊ» መኖሩን እንመርምር።

የሰሌዳው ሕግ ስሕተት አይደለም፤ ያልተሟላ ነው እንጂ። ባለቤት፣ ግሥ፣ ተሳቢ ብሎ ያስተማረ መምህር አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ ተማሪዎቹ ነጠላ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን ሙሉ አንቀጽ እያነበቡ «ይህ ሐረግ ለምን ቀደመ? ከእርሱ በኋላስ የመጣው ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ቢያደርግ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ይልቁንም አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አኑሮ ማስተያየት ይረዳል፤ የተማሪው ችግር የሚመነጨው እንግሊዝኛን ካለማወቅ ብቻ ሳይሆን አማርኛን እጅግ አድርጎ ከማወቅ ጭምር ነውና። የራሱን ቋንቋ ልማድ ለይቶ ያወቀ ተማሪ የሌላውንም ልማድ ለመለየት አይቸገርም ብለን እናምናለን።